ዘይት የጠጡ ጥይቶች

ፒክአፑ የአሰላን አስፋልት ለቆ ወደ ገረጋንቲ ማውጫው ሲታጠፍ፣ ሮማነወርቅ ልዑልሰገድ በአንድ እጇ የፊተኛውን ወንበር፣ በሌላው የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ነበር። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ቋጠሮው መዳፏን ይቆረቁራታል፤ እሷም ይብሱን አጥብቃ ትይዘዋለች።

ፍርድ ቤቱ ለተኩስ ሙከራው ለሁለቱ ቤተሰብ የመደበው መኪና አንድ ነው። ስለዚህ የሟች ወላጆችና የተከሳሽ እህት አብረው ተሳፈሩ። ወይ ጉድ! ይህን ያዘዘ ሰው ልጅ የሞተበትን ሰው ዓይን አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። የሟች አባት ኦቦ ዱጋሳ ከሾፌሩ አጠገብ ናቸው። እናትየው አዴ ቀመሪያ ከሮማነወርቅ ጋር ከኋላ ተቀምጠዋል። የመሣሪያ መርማሪው ትልቅ የብረት ሳጥን ግማሹን ወንበር ስለያዘው ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተጣበዋል።

ሲነሱ በሩ የሮማነወርቅን ነጠላ ይዞት ነበር። ያዩት አዴ ቀመሪያ ናቸው። በሩን አስከፍተው ጨርቁን ሳብ አደረጉላትና እጃቸው ቋጠሮው ላይ አረፈ።

«ሳንቲም ነው? ጠበቅ አድርጊው፣ ሮማን። ይወድቅብሻል።»

«እሺ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ትንሽ እንደሄዱ አዴ ቀመሪያ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ገላና እኮ አንቺ ቤት እያለ ነው ክብደት የጨመረው። እናቱ እኔ ነኝ፣ ያወፈርሽው አንቺ» አሉ።

ገላና ሁለተኛ ደረጃን አዳማ ሲማር ያደረው እሷ ቤት ነው። ከወላጆቹ ቤት ከደራ በሚኒባስ ወተት ይላክለት ነበር፤ ሲደርስ የመጀመሪያውን ኩባያ የሚቀዳው ለእሷ ነው። ሳቂታ ነበር፣ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማል። «እትዬ፣ ካልመረቁኝ ሳህን አላጥብም» እያለ ያደርቃታል። እሷ አልወለደችም። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ደራ ሲመለስ ቤቱ ጭር ብሎባት ሰነበተ፤ ሁለት ሰው የሚበላውን ወጥ መሥራት ለመተው ብዙ ጊዜ ወሰደባት። አሁን ያ ልጅ ከአፈር በታች ነው። ገደለው ተብሎ ካቴና የገባለት ደግሞ ታናሽ ወንድሟ፣ ኃይለየሱስ።

ኃይለየሱስ ከደራ በታች፣ አዋሽ ዳር፣ መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት ያለማል። የእነ ኦቦ ዱጋሳ እርሻ ጎረቤቱ ነው። ውሃው በተራ ነው፤ ጠቡም በዚያው በተራው መጣ። አንድ ቀን ኃይለየሱስ ያለ ተራው ፓምፑን አስነሳ፤ ገላና መጥቶ አጠፋው። ኃይለየሱስ ደሙ ፈላና የአባቱን ሽጉጥ መዝዞ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሽጉጡ ግን አልጮኸም፤ ጢሽ አለ። እርሳሷ ከአፈሙዙ ወጥታ ሽንኩርቱ መደብ ላይ ዱብ አለች። የቀን ሠራተኛው ሁሉ እያየ ገላና ጎንበስ ብሎ አነሳት፣ አፈሯን እፍ አለና ዘረጋለት።

«ኃይሌ፣ ወድቆብሃል።»

እንዴት ያለ ሳቅ ተሳቀ! ሴቶቹ ሽንኩርት መንቀሉን ትተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኃይለየሱስ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ሄደ።

ወር ሳይሞላ፣ አመሻሹ ላይ፣ እንደገና ተጣሉ። ገላና ፓምፕ ቤት ገብቶ የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ቀረቀረ። ከዚያ ተኩስ ተሰማ። ጥይት ቆርቆሮውን በስቶ፣ የልጁን ደረት አልፎ፣ በኋላው የሸምበቆ ግድግዳ ወጥቶ አዋሽ ገባ። ያን ሰዓት የተኮሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኃይለየሱስና የማዶው እርሻ ዘበኛ ቶሌራ። ቶሌራ ጩኸት ሰምቶ በክላሹ ወደ ሰማይ እንደተኮሰ ይምላል። ኃይለየሱስም ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት ይላል። ልጁን በማግስቱ በእስልምናው ሥርዓት ቀበሩት፣ ሐኪም አላየውም። ሬሳውን ለማውጣት በሩን ሲገነጥሉት ቆርቆሮው ቀዳዳው ላይ ተቀደደና የቀዳዳው ልክ ጠፋ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ፤ የሻምበል ልዑልሰገድ ሽጉጥ ቆርቆሮ በስቶ ሰው ይገድላል ወይስ አይገድልም? ካልገደለ፣ ገዳዩ ቶሌራ ነው።

ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ነው። ሻምበል ልዑልሰገድ በክቡር ዘበኛ ሳሉ ከወገባቸው አይለይም ነበር፤ የቆዳ ማህደሩ የናስ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉን በየሳምንቱ በአመድ ይወለውሉታል። ደርግ መጣና ማዕረጉ ሄደ። ደመወዙም፣ ሰላምታውም ሄደ፤ ትናንት «ጌታዬ» ሲል የነበረው «ጓድ» ማለት ጀመረ። ሽጉጡ ግን ቀረ። በአሰሳው ዘመን የቀበሌ ጠባቂዎች ቤት ለቤት መሣሪያ ሲፈትሹ፣ ሻምበል ሽጉጡን ጭቃ ግድግዳ ውስጥ ከተው ለቀለቁበት። ለጥይቶቹ ጊዜ አጡ። በር ሲንኳኳ በደመ ነፍስ የኑግ ዘይት ቅል ውስጥ ዘረገፏቸው። ሮማነወርቅ ያኔ ልጅ ናት፤ እናቷ ኃይለየሱስን አርግዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አሳሾቹ ጤፉን ደፉ፣ ፍራሹን ዘለዘሉ። አንዱ ቅሉን አንስቶ አሸተተና መልሶ አስቀመጠው።

«ዘይቱ ነው ያወጣን» አሉ ሻምበል ሰዎቹ ሲወጡ።

ከዚያ ወዲያ ጥይቶቹ ከዘይት አልወጡም። በየዓመቱ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሻምበል ቅሉን አውርደው አሮጌውን ዘይት ይደፉና በአዲስ የኑግ ዘይት እያንዳንዷን ያሻሉ። ቤተሰቡ ከቦ ያያል፤ አይሳቅም፣ አይወራም። ዘይት ያወጣቸው ሰው ዘይት ይጎዳል ብሎ እንዴት ያስብ! ሻምበል ሲያርፉ ሽጉጡ ከጥቂት ጥይት ጋር ለኃይለየሱስ፣ ቅሉና ሥራው ለሮማነወርቅ ተላለፈ። ለምን ብላ ሳትጠይቅ ስታሻቸው ኖረች። ስለዚህ የአባቷን ጥይት ጣቷ ያውቀዋል። ያጣብቃል፣ የረጋ ዘይት ለብሷል፣ ኑግ ኑግ ይላል።

ገላና በሞተ ማግስት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ኃይለየሱስ በሯን መታ። ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ፣ የተረፉትን ጥይቶች መዳፏ ላይ አስቀመጠ። «የአባባ ናቸው፣ መልሺያቸው» አለ። መዳፏ ላይ ያረፉት ግን ደረቅና ንጹህ ነበሩ። ሽታም የላቸውም። ያኔውኑ ሁሉም ነገር ገባት። ውሃ ቀድታ ሰጠችው።

እስር ቤት ልትጠይቀው ስትሄድ ደግሞ አፉን ጆሮዋ ላይ አድርጎ ነገራት። «ሞጆ ላይ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው የሸጠልኝ። ስለሳቁብኝ ነው። የአባባ አጥንት ይውጋኝ፣ ለማስፈራራት ብቻ ነበር! እነሱን አዋሽ ጣያቸው። ፖሊስ ሲመጣ የአባባን ብቻ ስጫቸው። እትዬ፣ ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

እውነት ነው፣ ማንም የለውም። እናታቸው ስትሞት የሮማነወርቅን እጅ ይዛ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ «ኃይሌን አደራ»። ሮማነወርቅ ለፖሊስ ሽጉጡንና የአባቷን ጥይቶች ከነቅሉ ሰጠች። ሌሎቹን ልትጥል የአዋሽ ድልድይ ድረስ ሄዳ፣ ውሃውን አይታ፣ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ያዘቻቸው።

ፒክአፑ ቆመ። ገረጋንቲ ማውጫው ግማሹ የተበላ ቀይ ኮረብታ ነው። ከወዲያ በኩል በሸንተረሩ ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ረጃጅም ክንፎች ይዞራሉ። የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን እያዞረ ዓይን ውስጥ ይበትናል። ኃይለየሱስ ከፖሊስ መኪናው ወረደ፤ ከስቷል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ቶሌራም ከሌላው መኪና የጭነት ቦታ ላይ ዘሎ ወረደ። ምስክር ሆኖ ነው የመጣው፤ እግሩ ግን አላርፍ ብሎታል።

መርማሪው ኢንስፔክተር ምልኬሳ ትሁት ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሟችን ወላጆች በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ብሎ እጅ ነሳ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። ሽጉጡን በብረት መቆንጠጫ አስሮ ገመድ ቃታው ላይ አደረገ። ከፊቱ ሁለት ዓይን ያለው ሳጥን አቆመ። ከሳጥኑ ወዲያ የፓምፕ ቤቱ በር ትርፍራፊ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ኋላ የአሸዋ ጆንያ አለ።

«ጥይቷ በመጀመሪያው ዓይን ስታልፍ ሰዓቱ ይነሳል፣ በሁለተኛው ይቆማል። ፍጥነቷን እዚህ እናነበዋለን» አለ ለሁሉም እንዲሰማ። «ደህና ጥይት ከዚህ ሽጉጥ ሲወጣ በሰከንድ ሁለት መቶ ሜትር ያልፋል። ሁለት መቶ ካለፈ ይህ ቆርቆሮ አያቆመውም።»

አዴ ቀመሪያ ቆርቆሮውን ሲያዩ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ልጃቸው ከኋላው የቆመበት ቆርቆሮ ነው።

ገመዱ ተሳበ። ቀጭ። ምንም የለም። መርማሪው ጥቂት ጠብቆ ሌላ አዞረና ሳበ። ጢሽ አለ፤ ትንሽ ጭስ ወጣ፣ እርሳሷ ቆርቆሮው ላይ ኳ ብላ መሬት ወደቀች። መርማሪው ቁጥሩን አነበበ።

«ሰባ አልሞላም።»

የሚቀጥለዋ እርሳስ አፈሙዝ ውስጥ ቀረች፤ በዘንግ ገፍቶ አወጣት። ከዚያ በኋላ ያሉትም ወይ ቀጭ አሉ ወይ ጢሽ አሉ። አንዷ ትንሽ በርታ ብላ ቆርቆሮውን ሰርጎድ አደረገችው፣ አልበሳችውም። መርማሪው ያልፈነዳችውን አንስቶ አሸተታት።

«ኑግ ነው። ዘይቱ ውስጥ ድረስ ገብቶ ባሩዱን አበስብሶታል። እነዚህ ጥይቶች ከሞቱ ቆይተዋል።»

«እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ» አለ የኃይለየሱስ ጠበቃ፣ ድምፁ ውስጥ ደስታ አለ። «የደንበኛዬ መሣሪያ ቆርቆሮም አይበሳም።»

ኃይለየሱስ በረጅሙ ተነፈሰ። ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቱን ቀና ብሎ አያት። ልጅ ሳለ አጥፍቶ ከአባቱ ስታስጥለው የሚያያት አስተያየት ነው። አለቀ አለች በልቧ፣ ወንድሜ ወደ ቤቱ ይገባል፣ እናቴ ታርፋለች። ቋጠሮውን ግን አለቀቀችውም።

ያን ጊዜ ከኃይለየሱስ አጠገብ የነበረው አንደኛው ፖሊስ ቀስ ብሎ ሄደና ቶሌራ አጠገብ ቆመ። ማንም አላዘዘውም። ቶሌራ ፖሊሱን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ።

«ኧረ ሰማይ ነው የተኮስኩት! ወላሂ ሰማይ ነው!» አለ። «ኦቦ ዱጋሳ፣ ያውቁኝ የለም? ገላና ወንድሜ ነበር እኮ!»

ኦቦ ዱጋሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ሮማነወርቅ መጡ። ነፋሱ ጋቢያቸውን ያንገላታዋል። ፊት ለፊቷ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ እኒያ ትልቅ ሰው፣ ባርኔጣቸውን ለእሷ አወለቁ።

«ሮማን፣ በድዬሻለሁ» አሉ። «ልጄን ያበላ ቤት ልጄን በላው ብዬ በልቤ ረግሜሻለሁ። ወንድምሽንም ስንት ጊዜ በልቤ ገደልኩት። ይቅር በይኝ።»

«ኦቦ ዱጋሳ፣ ተዉ እባክዎ…»

«ይቅር በይኝ እንጂ! ይህን ይዤ መስገድ አልችልም።» ወደ ቶሌራ ሳይዞሩ በከዘራቸው አመለከቱ። «ልጆቼ ደራ ሆነው ስልክ እየጠበቁ ነው። ማን እንደሆነ ስነግራቸው ምን እንደሚያደርጉ አላህ ነው የሚያውቀው። እስከዛሬ ይዣቸዋለሁ። ከዛሬ ወዲያ አቅም የለኝም።»

አዴ ቀመሪያም መጥተው ክንዷን ያዙ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነው። «አፉ በይን፣ ሮማን» አሉ፣ እያለቀሱ።

ሮማነወርቅ አፏን ከፈተች። ይቅር ብያችኋለሁ ለማለት ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ይቅር ባይዋ እሷ! ገላና የመጀመሪያውን ኩባያ ወተት የሚቀዳላት ሴት፣ በነጠላዋ ጫፍ የሞቱን መልስ ቋጥራ፣ ከእናቱ የይቅርታ ልመና ልትቀበል! እሳት የነካት ያህል ክንዷን ከአዴ ቀመሪያ እጅ መነጨቀች። ቋጠሮውን ለመፍታት ታገለች፣ አልፈታ አላት፤ በጥርሷ ያዘችው።

«እትዬ!» ኃይለየሱስ ጮኸ። «እትዬ፣ ምን ልትሆኚ ነው?»

ቋጠሮው ተፈታ። ጥይቶቹን በመዳፏ ይዛ በቀይ አፈር ላይ እየተደናቀፈች ሄዳ ለመርማሪው ዘረጋችለት።

«ኢንስፔክተር፣ እነዚህንም ይለኩልኝ።»

«ከየት የመጡ ናቸው?»

«በማግስቱ ወንድሜ በእጁ የሰጠኝ ናቸው። ከዚህ ሽጉጥ የተረፉት እነዚህ ናቸው። ለእናንተ የሰጠሁት አባቴ የተዉትን ነው።»

«ይህ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም! ሴትዮዋ ተረብሸዋል!» አለ ጠበቃው።

«ውሸቷን ነው!» ኃይለየሱስ ካቴናውን እያንቃጨለ ጮኸ። «ጥይት ከየትም ይገኛል! አብዳለች!»

መርማሪው አንዷን አንስቶ በጣቶቹ አሻት፣ አሸተታት። ፊቱ ተለወጠ። ከየት እንዳገኘቻት፣ ማን ለማን እንደሰጠ፣ የተናገረችውን ሁሉ አስደግሞ አስጻፈ፣ አስፈረማት። ከዚያ አፈሙዙን በዘንግ ጠራርጎ ጥይቷን ሽጉጡ ውስጥ ከተተ። ሰዉን ሁሉ ወደ ኋላ አስጠጋ። ሮማነወርቅ ግን ባለችበት ቆመች።

ገመዱ ተሳበ።

ኮረብታው ጮኸ። ከገደሉ ላይ አሞራዎች ብር ብለው ተነሱ፣ ቆርቆሮው እንደ ደወል ጮኸና መሃሉ ላይ ክብ ብርሃን ታየ። ከኋላው ከጆንያው አሸዋ መፍሰስ ጀመረ። መርማሪው ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ» አለ፣ በለሆሳስ።

አሸዋው ሲፈስ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ኃይለየሱስ ቀዩ አፈር ላይ ተቀመጠ። ጠበቃው ሊያስቆመው እጁን ቢያነሳም አልደረሰበትም። ኃይለየሱስ የሚያየው እህቱን ብቻ ነበር።

«የአባባን ብቻ ስጫቸው ብዬሽ አልነበር?» አለ፣ ልጅ ሲያኮርፍ በሚናገርበት ድምፅ። «ነግሬሽ አልነበር፣ እትዬ?»

ሁሉም ሰማው። ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ። ኦቦ ዱጋሳ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ወደ ኃይለየሱስ አላዩም፤ ወደ ቶሌራ ሄደው በጀርባው ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ቶሌራ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። አዴ ቀመሪያ ቆርቆሮው ጋ ሄዱ። ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተው ዳሰሱት፣ ዳሰሱት፣ «ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄን…» እያሉ ቆርቆሮውን አቀፉት። ሊያስለቅቋቸው ብዙ ጊዜ ወሰደ።

ሮማነወርቅ ወንድሟ መኪና ላይ ሲጫን ተከትላ ሄደች። «ኃይሌ» አለች። ፊቱን አዞረ። ያ ሰው ከእንግዲህ ወደ እሷ እንደማይመለስ፣ እሷም ለእናቷ ነፍስ የምትለው እንደሌላት ያኔ ገባት። በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች፤ ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ተጨማዶ ቀርቷል።

የሚሄደው መኪና ያው አንዱ ፒክአፕ ነው። ኦቦ ዱጋሳ ከፊት ወጡ። አዴ ቀመሪያ ከኋላ ገቡ። ሮማነወርቅ በእግሬ ልሂድ ብላ ነበር፤ ሾፌሩ «ኧረ በዚህ ፀሐይ!» ብሎ በሩን ከፈተላት፣ ገባች። መርማሪው የብረት ሳጥኑን ወደ ራሱ መኪና አዛውሮታልና ወንበሩ ሰፍቷል። አዴ ቀመሪያ ቀና ብለው አላዩአትም። ወዲያኛው በር ድረስ ተጠጉ፤ ሮማነወርቅም የወዲህኛውን በር ያዘች። መኻላቸው አንድ ቀጭን ልጅ የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶውን ቀረ፤ አዳማ እስኪደርሱ ሁለቱም እጃቸውን እዚያ ላይ አላሳረፉም።